ቀብዱ ተሰጥቷል፤ የቀረውን ግን ነገ አትስጡ

ጥያቄ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ሳምንት በተነሣው ዓውሎ ነፋስ ከሳሎናችን በላይ ያለው ቆርቆሮ ተገነጠለ። ዝናቡ ኮርኒሱን አልፎ ገባ። በማግስቱ ገና የራሰውን ዕቃ እያወጣን ሁለት ሰዎች መሰላል በመኪና ጭነው መጡ። እዚሁ ሰፈር ሌላ ጣሪያ እየሠሩ እንደሆነ ነገሩን። አንደኛው ሳንጠይቀው ወጥቶ አየና ሲወርድ በስልኩ የተሰበረ እንጨት አሳየን። «ሙሉ ጣሪያው ካልተቀየረ አንድ ቀን ይወርድባችኋል» አለ። ከሌላ ሥራ የተረፈ ቆርቆሮ ስላላቸው ዛሬውኑ ከወሰንን በቅናሽ እንደሚሠሩልን ተናገሩ። አባቴ ደንግጦ የጠቅላላውን ሲሶ ቀብድ ሰጣቸው። በእጃችን ያለው የአንዱ ስምና ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ብቻ ነው። ነገ መጥተው ሌላ ሲሶ ስንጨምርላቸው ሥራ እንደሚጀምሩ ነግረውናል። አባቴ «በችግራችን ቀን የደረሰልንን ሰው እንዴት ትጠረጥሪያለሽ?» ይለኛል። እኔ ግን ነገሩ አልተዋጠልኝም። እንስጥ ወይስ ይቅር? የሰጠነውስ ገንዘብ ቀለጠ ማለት ነው?

ጣሪያዋ ያሳሰባት

መልስ፦

እህቴ፣ እንኳን እናንተ ተረፋችሁ። ዕቃው ይተካል።

ለዋናው ጥያቄሽ መልሱ አጭር ነው። ነገ ምንም ገንዘብ አትስጡ። ሲሶው ይቅርና «ለነዳጅ ብቻ» ቢሏችሁም እምቢ በሉ። ከዚህ በኋላ ገንዘብ ከእጃችሁ የሚወጣው ዕቃ ግቢያችሁ ውስጥ ሲራገፍ ወይም ያለቀ ሥራ በዓይናችሁ ስታዩ ነው።

ሰዎቹ አጭበርባሪዎች ናቸው ብዬ መፍረድ አልችልም። የጻፍሽልኝን ግን በቅደም ተከተል እንየው። ሳይጠሩ መጡ። ሳይጠየቁ ጣሪያ ላይ ወጡ። የሚያስደነግጥ ፎቶ ይዘው ወረዱ። የተረፈ ዕቃ አለን አሉ። ቅናሹ ለዛሬ ብቻ ነው አሉ። አንድ ሚስማር ሳይመቱ ብዙ ገንዘብ ተቀበሉ። ማንነታቸውን እንኳ በቅጡ አላሳወቋችሁም። እያንዳንዱ ለየብቻው ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ሁሉም በአንድ ጠዋት ሲደራረብ ግን፣ ከዓውሎ ነፋስ በኋላ በብዙ አገሮች ሰው ገንዘቡን የሚበላበት የታወቀው መንገድ ይኸው ነው። ነፋስ ከመታው ሰፈር ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ በዚሁ የሚተዳደሩ ሰዎች አሉ። ከነሱ ውስጥ የጣሪያ ሥራ በደንብ የሚያውቁም አይጠፉም። ለመለየት የሚያስቸግረው ይሄ ነው። ስለ ወራጅና ስለ ማገር ሲያወሩ ሰምተሽ ባለሙያ ናቸው ብትይ አይፈረድብሽም።

አሁን ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዢልኝ። ቤታችሁ የሚጠብቃችሁ ሥራ አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። አንደኛው ውሃው እንዳይገባ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ጣሪያውን መጠገን ነው። የመጀመሪያው አስቸኳይ ነው፤ ዛሬውኑ መደረግ አለበት። ሁለተኛው ሰው እስኪጠየቅ፣ ዋጋ እስኪወዳደር፣ ውል እስኪጻፍ ጊዜ ይሰጣል። አጭበርባሪ የሚያተርፈው ሁለቱን በማደባለቅ ነው። የመጀመሪያውን ጥድፊያ ወስዶ ለሁለተኛው ይጠቀምበታል። «ዝናብ እየመጣ ነው» ሲል እውነቱን ነው። «ስለዚህ ሙሉ ጣሪያውን ዛሬ እንነጋገር» የሚለው ግን ከዚያ አይከተልም። ለዝናቡ ሸራ ይበቃል።

ስለዚህ ከሸራው እንጀምር። እስካሁን ካልሸፈናችሁ ማለቴ ነው። በመጀመሪያ ውሃ የነካው ክፍል መብራት ከቆጣሪው ይጥፋ። ኮርኒሱ ውሃ ቋጥሮ ወደ ታች ካበጠ ከሥሩ አትቁሙ። ጠንካራና ወፍራም የፕላስቲክ ሸራ ግዙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀዳዳውን ብቻ መሸፈኑ ላይ ነው። ሸራው ከቀዳዳው በላይ ካበቃ ከአናት የሚወርደው ውሃ ከሥሩ ይገባል። ስለዚህ የጣሪያውን አናት ተሻግሮ በሌላኛው በኩል መውረድ አለበት። ጫፎቹን ዝም ብሎ በሚስማር መምታትም አይጠቅምም፤ ነፋሱ በሚስማሩ ቀዳዳ በኩል ይቀደዋል። የሸራውን ጫፍ በቀጭን ጣውላ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅልሎ ጣውላውን ነው ከጣሪያው ጋር መምታት። ድንጋይ ወይም ጎማ ብቻ መጫን አደገኛ ነው። ነፋስ ሲመለስ ድንጋዩ ራሱ ይወርዳል። ይህን ሥራ አንቺም አባትሽም አትሥሩት። እርጥብ ቆርቆሮ ያንሸራትታል፤ የላላ ደግሞ እግር አይችልም። ከፍታ የለመደ ሰው በቀን ሥራ ቅጠሩ። ሸራ ለማልበስ ብቻ። ይህ ክፍያ ትንሽ ነው፤ የሚገዛላችሁ ጊዜ ግን ብዙ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ውስጡን ማድረቅም እንዳትረሱ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሻጋታ እንዳይነሣ የራሰ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ መድረቅ አለበት ይላል። ያ ጊዜ ለእናንተ አልፏል። ምንጣፉን አውጡ፤ መስኮት ክፈቱ፤ የራሰውን የኮርኒስ ክፍል አስነሡና እንጨቱ አየር ያግኝ። አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ መጥቶ ያልደረቀ እንጨት ላይ አዲስ ኮርኒስ ልምታ ካለ አትፍቀዱለት። እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ እንጨቱን ያበሰብሰዋል።

ሸራው ከለበሰ በኋላ ወደ ፎቶው እንምጣ። አባትሽን ያስደነገጠው እሱ ነውና ልብ ብለን እንየው።

ከቅርብ የተነሣ የእንጨት ፎቶ ምንም አያረጋግጥም። የማን ቤት እንደሆነ አይናገርም። መቼ እንደተነሣም አይናገርም። እውነተኛ ባለሙያ ጉዳት ሊያሳይሽ ሲፈልግ ቪዲዮ ይቀርጻል፤ የሚቀርጸውም ከግቢሽ በምታውቂው ነገር ጀምሮ ሳያቋርጥ እስከ ስብራቱ ድረስ ነው። ሰዎቹን «ስብራቱ ከየትኛው ክፍል በላይ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ ኮርኒሱ በተነሣበት በኩል በጠራራ ፀሐይ ባትሪ ይዘሽ ከውስጥ ተመልከቺ። ጣሪያ ላይ መውጣት አያስፈልግሽም። ወራጆቹና ማገሮቹ ከሥር ይታያሉ። ቆርቆሮው የተበሳበት ቦታም ብርሃን ስለሚያሳልፍ እንደ ኮከብ ያበራል።

ስብራት ካገኘሽ ቀለሙን እይ። በዚህ ዓውሎ ነፋስ የተሰበረ እንጨት ውስጡ ነጣ ያለ ነው፤ ስንጥሩም ረዘም ረዘም ያለና ንጹሕ ነው። ቆየት ያለ ስብራት ግራጫ ወይም ጥቁር ይሆናል፤ አቧራና የሸረሪት ድር ይይዛል። በጥፍርሽ ስትጫኚው የሚሰምጥ ከሆነ ደግሞ የበሰበሰው ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ነው። ኮርኒሱ ላይ ያለው የውሃ ምልክትም ይናገራል። አንድ ጊዜ የገባ ውሃ አንድ ክብ ይተዋል። አንዱ ክብ በሌላው ላይ የተደራረበ ከሆነ ቤቱ ከነፋሱ በፊትም ያፈስ ነበር። አሁን ደግሞ የሚያሳዝነውን ልንገርሽ። ስብራቱ አዲስ ሆኖ ከተገነጠለው ቆርቆሮ የራቀ ከሆነ፣ ጠርዙ ላይ የመዶሻ ምት ወይም ሚስማር በጉጠት የተነቀለበት ጭረት ካለ፣ የሰበረው ነፋስ ላይሆን ይችላል። ሳይጠየቅ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው እዚያ ምን እንደሠራ የሚያየው የለም። ቆርቆሮ በእጁ የሚያላላ፣ ማገር የሚሰብር አጋጥሟል። ማንንም ብቻውን አታስወጡ የምለው ለዚህ ነው።

ነፋስ ጣሪያን የሚያነሣው ከሥር በመግፋት ብቻ እንዳይመስልሽ። በላዩ ሲያልፍም ወደ ላይ ይስበዋል። ስበቱ የሚበረታው ጠርዙ፣ ማዕዘኑና አናቱ ላይ ነው። በብዙ ቤቶች ቆርቆሮ ከዳር መገንጠል የሚጀምረው ለዚህ ነው። ዳሩ ተገነጠለ ማለት ግን መሀሉ ሊወድቅ ነው ማለት አይደለም። «ሙሉው ይቀየር» የሚል ሰው ለምን እንደሆነ በየወራጁ እየጠቆመ ማስረዳት አለበት። በእርግጥ መቀየር ያለበት ጣሪያ አለ። የእናንተ ከነዚያ አንዱ ሊሆንም ይችላል። ይህን የሚወስነው ግን ከሥራው የሚያተርፈው ሰው ባይሆን ጥሩ ነው። አንድ የምታውቁትን ወይም ዘመድ የሚያውቀውን አናጢ ጥሩና ለማየት ብቻ ክፈሉት። «ሥራውን ለሌላ ሰው ነው የምንሰጠው፤ አንተ ያየኸውን ብቻ ንገረን» በሉት። ሥራው የእሱ እንደማይሆን ሲያውቅ የሚያጋንንበት ምክንያት የለውም። በዚህ ሁሉ ምክሬ ውስጥ አንዱን ብቻ አድርጊ ብባል ይህንን እመርጥልሽ ነበር።

«ጎረቤት እየሠራን ነው» ያሉትን ማጣራት ቀላል ነው። የቱ ቤት እንደሆነ ጠይቂያቸውና ሂጂ። የቤቱን ባለቤት አነጋግሪ። ሥራው አለ ወይ? ቀብድ ስንት ሰጡ? ከሰጡ በኋላ ሰዎቹ መጥተዋል ወይ? ቤቱን መጥቀስ ካቃታቸው መልሱን አገኘሽ። «የተረፈ ቆርቆሮ» የሚባለውም ቢሆን አያስደስትሽ። አንድ ሙሉ ጣሪያ የሚያለብስ ቆርቆሮ ከሥራ አይተርፍም። ከተረፈም የሌላ ሰው ገንዘብ ነው። ወይ ደግሞ ሊሰጧችሁ ያሰቡት ከተስማማችሁበት የሳሳ ነው።

ስለ ቆርቆሮ ውፍረት ትንሽ ልበል፤ በሥራው ውስጥ በጣም የሚሰረቀው እዚህ ላይ ነውና። የቆርቆሮ ውፍረት በጌጅ ይጠራል። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ጌጅ ከ32 ይወፍራል፤ 32 ደግሞ ከ35 ይወፍራል። ይህን የማያውቅ ሰው «35 አድርጌልሃለሁ» ሲባል የተሻለ ያገኘ ይመስለዋል። ቀለም ከተቀባና ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ ከመሬት ሆኖ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ውሉ ላይ ጌጁ ይጻፍ። ዕቃው ሲራገፍ ደግሞ ካልፐር (የውፍረት መለኪያ) ያለው ሰው ይለካው። ካልፐር ከሌለ የአንዱን ቆርቆሮ ጠርዝ ከአሮጌው ጠርዝ ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ በጣትሽ ዳስሺው፤ በጣም ከሳሳ ይታወቅሻል። ሲመታም ሚስማሩ ሞገዱ ከፍ ባለበት ላይ መሆን አለበት፤ ውሃ በሚወርድበት ሸለቆ ላይ ከተመታ ያፈሳል። ከሚስማሩ ራስ ሥር የጎማ ቀለበት (ዋሸር) ይኑር። አሮጌው ቀዳዳ ውስጥ አዲስ ሚስማር ከተመታ ደግሞ አይዝም፤ በሚቀጥለው ነፋስ ይለቃል።

ወደ አባትሽ ልምጣ። ደብዳቤሽን ሳነብ ከጣሪያው ይበልጥ ያሳሰበኝ በመካከላችሁ የገባው ነገር ነው። አባትሽ ገንዘብ የሰጡት ሞኝ ሆነው አይደለም። ሌሊቱን ቤታቸው ላይ ዝናብ ሲወርድ አድረው፣ ጠዋት ላይ «እኔ እሠራልሃለሁ» የሚል ሰው ደጃቸው ላይ አገኙ። ማንም አባወራ ቤተሰቡን ለማዳን የሚያደርገውን ነው ያደረጉት። አሁን «ተሸወድክ» ብለሽ ከያዝሻቸው ለክብራቸው ሲሉ ነገ ሌላውን ሲሶ ይሰጣሉ። ሰው ያመነውን መልሶ ለመጠርጠር የሚከብደው ሌላ ሰው ሲያየው ነው። ስለዚህ የመጠርጠሩን ሥራ ከላያቸው አንሺላቸው። «አባዬ፣ ሰዎቹ መልካም ከሆኑ ወረቀት ቢጠየቁ ምንም አይሉም። አንተ ቀብድ ሰጥተሃል፤ አሁን የተቀበሉበትን አስፈርመን እናስቀምጥ» በያቸው። ጠያቂው እሳቸው ይሁኑ። አንቺ ከጎናቸው ቁሚ። እውነተኛ ሠራተኛ ከሆኑ ግንኙነታቸው አይበላሽም፤ ካልሆኑም ያወቁባቸው አባትሽ ራሳቸው ይሆናሉ።

አሁን ዛሬ ማታ የምታደርጊውን ልንገርሽ። ለሰጡሽ ስልክ ቁጥር በጽሑፍ መልእክት ላኪ። ቁጣም ጥርጣሬም አይኑርበት። «ጤና ይስጥልኝ። አባቴ በዚህ ቀን ይህን ያህል ብር ለጣሪያ ሥራ ቀብድ ሰጥቷችኋል። ሥራው ነገ በስንት ሰዓት ይጀመራል? ቆርቆሮው ስንት ጌጅ ነው?» ብለሽ ጻፊ። መልስ ከሰጡ ገንዘቡን መቀበላቸው በጽሑፍ ተያዘ ማለት ነው። ይህ መልእክት ከብጣሹ ወረቀት ይበልጣል። ስትደውዪላቸው ብቻ የሚያናግሩሽ፣ በጽሑፍ ግን የማይመልሱ ከሆነ እሱም አንድ ነገር ይነግርሻል። ገንዘቡ በባንክ ከተላለፈ ማስረጃውን አውጡ። በጥሬው ከተሰጠ ማን እንዳየ፣ የት ቦታ እንደተሰጠ አሁን ሳይረሳ ጻፉት። የመኪናውን ሰሌዳ ጎረቤት አይቶት ከሆነም ጨምሪበት።

ነገ ከመጡ ሌላ ሰው ከጎናችሁ ይኑር። በር ላይ አነጋግሯቸው። የምትሉት ይህ ነው፦ «ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። ቀብድ ተቀብላችኋል። በእሱ ቆርቆሮና ሚስማር ገዝታችሁ ግቢያችን አራግፉ፤ ደረሰኙን አሳዩን። ከዚያ ውል እንጽፍና ሥራ ይጀመራል፤ ቀጣዩ ክፍያም ያኔ ይሆናል።» በዚህ አባባል ውስጥ ስድብ የለም። የሰጣችሁት ሲሶ ዕቃ ለመጀመር ይበቃል። እንዲያውም ቀብድ የሚሰጠው ለዚሁ ነው። ሐቀኛ ከሆኑ «እሺ» ይላሉ፤ ቢበዛ ትንሽ ያጉረመርማሉ። «አምነኸን አልነበረም ወይ?» እያሉ አባትሽን ለብቻ ማነጋገር ከጀመሩ፣ ዋጋው ነገ ይጨምራል ካሉ፣ ወይም የጎደለውን አሁን ካልሰጣችሁ ቀብዱን አንመልስም ካሉ ንግግሩን እዚያው ጨርሱ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። ውል ሳይፈረም ቀሪውን ቆርቆሮ እንዲነቅሉ አትፍቀዱ። ይህ ከቀብዱም የባሰ ወጥመድ ነው። ጣሪያው አንዴ ከተከፈተ ቤቱ በእጃቸው ነው። «ተጨማሪ ካልሰጣችሁን እንደዚሁ ትተነው እንሄዳለን» ሲሉሽ ዝናብ እየመጣ እምቢ ማለት አትችዪም።

ውሉ የግድ በጠበቃ የተጻፈ መሆን የለበትም። አንድ ገጽ ይበቃል። የሠሪው ሙሉ ስም፣ አድራሻና የመታወቂያ ቁጥር፣ የሚሠራው ሥራ፣ የቆርቆሮው ጌጅና ብዛት፣ የትኛው እንጨት እንደሚቀየር፣ አሸንዳው እንደሚታደስ ወይም እንደማይታደስ፣ ጠቅላላ ዋጋው፣ የተሰጠው ቀብድ፣ የሚያልቅበት ቀን፣ የአከፋፈሉ ደረጃ፣ ቢያፈስ ተመልሶ የሚጠግንበት ጊዜ። ባዶ ቦታ ያለበት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። «በኋላ እሞላዋለሁ» የሚል ሰው የሚሞላውን አታውቁም። ፈቃድ አለኝ ካለ ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ወይም ደውላችሁ አጣሩ፤ ወረቀት መዋስም ማተምም ይቻላል። ማኅተም የሌለው ሁሉ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። ቢሮም ደብዳቤም የሌላቸው፣ ግን እጃቸው የማይጠገብ አናጢዎች አሉ። ለነሱ ማረጋገጫው ሥራቸው ነው። ከዚህ በፊት የሠሩት፣ ቢያንስ አንድ የዝናብ ወቅት ያለፈበት ጣሪያ ያሳዩሽ። ከባለቤቱም ጋር አነጋግሪ። ትናንት ያለቀ ጣሪያ ሁሉም ያምራል።

አከፋፈሉን በደረጃ አድርጉት። ዕቃ ሲራገፍ፣ እንጨቱ ሲቀየር፣ ቆርቆሮው ሲለብስ። የመጨረሻውን ድርሻ፣ ለምሳሌ ከመቶ አሥሩን፣ አንድ ከባድ ዝናብ እስኪያልፍ ያዙት። ይህ በግንባታ ሥራ ከጥንት የተለመደ ነው፤ ሠሪውን መጠርጠር አይደለም። ከተቻለ ደግሞ ቆርቆሮውን ራሳችሁ ግዙና ሠሪው የእጅ ዋጋ ብቻ ይጠይቅ። ትንሽ ያደክማል፤ ሆኖም ብዙው ገንዘብ የሚወጣው ለዕቃው ነው፤ ደረሰኙም በእናንተ ስም ይሆናል።

ቤቱ ኢንሹራንስ ካለው ሸራው ከመልበሱ በፊት የነበረውን የሚያሳይ ፎቶ ካላችሁ አስቀምጡት። የተገነጠለውን ቆርቆሮም አትጣሉ። ለድርጅቱ የምታመለክቱት እናንተ ናችሁ። «ኢንሹራንሱን እኔ እጨርስልሃለሁ፣ እዚህ ላይ ብቻ ፈርም» የሚል ሰው ክፍያው በቀጥታ ለሱ እንዲሄድ እያስፈረማችሁ ሊሆን ይችላል። «ከናንተ የሚፈለገውን ድርሻ እኔ እችላለሁ፤ ጉዳቱን ከፍ አድርገን እንጻፍ» ካለም እሺ አትበሉ። የተጋነነው ማመልከቻ ላይ ፊርማው የእናንተ ነው፤ ተጠያቂዎቹም እናንተ።

ሕግም የሚያግዝበት ቦታ አለ። በአሜሪካ ሻጭ ቤት ድረስ መጥቶ ያስፈረመሽን ውል በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ መሰረዝ የምትችዪበት የፌዴራል ደንብ አለ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ጊዜው ቢያንስ 14 ቀን ነው። ለአስቸኳይ ጥገና ራስሽ የጠራሽው ሰው ከሆነ ግን መብቱ ላይኖር ይችላል። ጥድፊያው እዚህም እንደሚያስከፍል አየሽ? ካሊፎርኒያ ውስጥ የቤት እድሳት ቀብድ ከጠቅላላ ዋጋው ከመቶ አሥር ወይም ከ1,000 ዶላር፣ ካነሰው፣ መብለጥ የለበትም። እናንተ ከሰጣችሁት ሲሶ ጋር አስተያዪው። ባላችሁበት ቦታ ያለውን ደንብ የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይነግራችኋል፤ ጊዜው እንዳያልፍ ቶሎ ጠይቁ። ሌላም አለ። ከአደጋ በኋላ «ከመንግሥት ተልኬ ነው» ብሎ ለምርመራ ገንዘብ የሚጠይቅ ይመጣል። የአሜሪካው የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ፌማ ለምርመራ ገንዘብ እንደማያስከፍልና የትኛውንም ተቋራጭ እንደማያጸድቅ በየአደጋው የሚያስታውቀው ይህን ስለሚያውቅ ነው።

«የሰጠነውስ ቀለጠ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ገና አልታወቀም። ነገ ዕቃ ይዘው ከመጡ ገንዘባችሁ በቆርቆሮ መልክ ግቢያችሁ ገባ። ካልመጡና ስልካቸውን ካጠፉ መልእክቱን፣ ወረቀቱንና የምስክሮቹን ስም ይዛችሁ ለፖሊስ አመልክቱ። ሌላም ቤት ያመለከተ ሊኖር ይችላል፤ የአንዱ ማስረጃ የሌላውን ይሞላል። ሁሉም ላይመለስ እንደሚችል ግን ከወዲሁ እወቂው። የጠፋውን ለማስመለስ ተብሎ ሌላ ሲሶ እንዳይጨመር የምለውም ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ «ገንዘብህን አስመልስልሃለሁ፤ ለጉዳይ ማስፈጸሚያ ትንሽ ክፈል» የሚል ሌላ ሰው ለአባትሽ ሊደውል ይችላል። አንዴ የተበላ ሰው ስም በነዚህ ሰዎች መካከል ይዞራል። ይህን አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

መልእክቱን ከላክሽ በኋላ ጎረቤቶችሽን አነጋግሪ። ቆርቆሮ የተነቀለበት የእናንተ ቤት ብቻ አይመስለኝም። ሰዎቹ ሌላ በር አንኳኩተው ይሆናል፤ ካላንኳኩም ነገ ያንኳኩ ይሆናል። ምን እንዳሏችሁና ስንት እንደጠየቋችሁ ንገሯቸው። ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ካሉ ከነሱ ጀምሩ። ሦስት አራት ቤት ተሰብስባችሁ አንድ አናጢ ብትጠሩ ደግሞ ለማየት የሚከፈለውን ትካፈላላችሁ፤ ዋጋም አብራችሁ ትደራደራላችሁ።